ከባቡር ግቢው አጥር ወዲህ፦ ስለ አደገኛ ቆሻሻ ጎረቤት ሊያውቀው የሚገባ

ከባቡር ግቢ ጎን የሚኖሩ ሰዎች የሚያነሱት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ «እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ይጎዳናል ወይስ አይጎዳንም?» የሚያገኙትም መልስ የዚያኑ ያህል አጭር ነው፦ «በቁጥጥር ሥር ነው፤ አትስጉ።» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን መልስ አይደለም።

በአንድ የባቡር ግቢ ውስጥ «አደገኛ ቆሻሻ» ሲባል እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሦስት ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው ከአሥርት ዓመታት በፊት ፈስሶ አፈር ውስጥ የቀረው ነው። ሁለተኛው ዛሬ በበርሜልና በኮንቴይነር ተሞልቶ የተከማቸው ነው። ሦስተኛው በፉርጎ ተጭኖ መጥቶ፣ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ቆሞ የሚያልፈው ነው። ሦስቱም ሰውን የሚጎዱበት መንገድ ይለያያል፣ ተጠያቂያቸውም ይለያያል። ነዋሪው ሦስቱን ደባልቆ ሲጠይቅ መላሹ የሚቀለውን መርጦ ይመልሳል። ስለ አፈሩ ተጠይቆ «በርሜሎቹ ተነስተዋል» ይላል፤ ስለ ቆሙት ፉርጎዎች ተጠይቆ «አፈሩ ተመርምሯል» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥያቄው ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ስለዚህ ነጣጥሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

አፈሩ ውስጥ የቀረው

ከሐዲድ ሥር የሚጋደሙት እንጨቶች እንዳይበሰብሱና ምስጥ እንዳይበላቸው ከመቶ ዓመት በላይ በክሪዮሶት ሲነከሩ ኖረዋል። ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣ ጠቆር ያለ፣ የሚያጣብቅ፣ ሽታው የሚከረፋ ዘይት ነው። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች አሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነውን ቤንዞፓይሪን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተራ መድቦታል። ክሪዮሶት ከውሃ ስለሚከብድ መሬት ላይ ሲፈስ ወደ ታች ይሰርጋል፤ የከርሰ ምድር ውሃውን አልፎ እንኳ ይወርድና ውሃ የማያሳልፍ ጭቃ ሲያገኝ እዚያ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ውሃውን ይበክላል።

ክሪዮሶት ብቻ አይደለም። የቆዩ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ትራንስፎርመር ፒሲቢ በሚባል በቀላሉ የማይቃጠል ግን መርዛማ ዘይት ይቀዘቅዝ ነበር። አሜሪካ ይህን ኬሚካል ማምረትን በ1979 ከለከለች። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ አገሮች ፒሲቢ ያለባቸውን መሣሪያዎች እስከ 2025 ከሥራ እንዲያስወጡ፣ ቆሻሻውንም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲያስወግዱ ቀነ ገደብ አስቀምጧል (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእንፋሎት ባቡሮች ቦይለር አስቤስቶስ በሚባል፣ ሙቀት የሚከላከል ግን ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ይለበጥ ነበር። ሐዲድ ዳር የሚበቅለውን አረም ለማጥፋት አርሰኒክ ያለባቸው መድኃኒቶች ተረጭተዋል። ከአሮጌ ቀለምና ባትሪ እርሳስ ይወጣል፤ ቅባት የነካው ብረት ለማጽዳት ደግሞ ትራይክሎሮኢታይሊን የመሳሰሉ ፈሳሾች ፈስሰዋል። በዚህ ላይ ሎኮሞቲቭ ቆሞ ነዳጅ በሚቀዳበት ቦታ ሁሉ በጠጠሩ መሃል የገባ ናፍጣ አለ።

«ግቢው ሥራ ካቆመ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል» የሚለው ማጽናኛ ለዚህ ነው የማያጽናና። ናፍጣን ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ይበሉታል። እርሳስና አርሰኒክ ግን ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ አይበሰብሱም፣ አይጠፉም። ፒሲቢም ከአንድ ትውልድ በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል።

ርቀት ሳይሆን መንገድ

መርዝ ስላለ ብቻ ሰው አይመረዝም። ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ ሰው የሚያደርሰው መንገድ፣ ከመንገዱ ጫፍ ያለው ሰው፣ ሦስቱም መኖር አለባቸው። የዘርፉ ባለሙያዎች የሚሟገቱት ሁሉ በመጨረሻ ወደዚህ ይመጣል። ነዋሪው ይህን ከያዘ ማንኛውንም የቴክኒክ ሪፖርት ፊት ለፊት መጋፈጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ጥያቄው «ምን ያህል እንርቃለን?» መሆኑ ቀርቶ «በየት በኩል ሊደርሰን ይችላል?» ይሆናል። ከአጥሩ ጋር የተጣበቀ ነገር ግን ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ብዙም ላይነካ ይችላል። ሦስት መቶ ሜትር ርቆ፣ የግቢው ጎርፍ በሚወርድበት ቦይ ዳር ያለ ቤት ግን ሊነካ ይችላል።

አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ፓኦሊ በምትባል ከተማ ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር መጠገኛ ግቢ የዚህ ምስክር ነው። ከትራንስፎርመሮች የፈሰሰው ፒሲቢ በግቢው አፈር ላይ ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቁልቁለቱ ያወርደው ነበር፤ እዚያ ደግሞ መኖሪያ ቤቶች አሉ። ፒሲቢው በነዋሪዎች ጓሮ፣ በጅረቱ ደለልና በዓሦች ውስጥ ሳይቀር ተገኘ። ቦታው በ1990 በአገሪቱ ቅድሚያ ሊጸዱ ከሚገባቸው የተበከሉ ቦታዎች ዝርዝር ገባ፤ ከሰዎች ጓሮም አፈር ተቆፍሮ ወጣ። አጥሩን የነቀለም፣ በርሜል ወደ መንደሩ ያንከባለለም ሰው አልነበረም። የወሰደው ዝናብ ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ላብራቶሪ በፊት ነዋሪው ራሱ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከግቢው በየት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚተኛ፣ የማን ጓሮ እንደሚገባ በፎቶና በቀን መመዝገብ። የኋላ ኋላ ናሙና የሚወስደው ባለሙያ ሲመጣ ይህ መዝገብ ወርቅ ነው፤ ደለሉ የሚተኛበትን ቦታ የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነውና።

ሁለተኛው መንገድ አቧራ ነው። ደረቅ ወራት ላይ መኪናና ንፋስ ያነሱት አቧራ መስኮት ላይ ያርፋል፣ ወለል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ሕፃን እጅ ላይ፣ ከእጁም አፉ ውስጥ ይገባል። እርሳስን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አልታወቀም ይላል። ጫማን በር ላይ ማውለቅ፣ ወለልን በደረቅ መጥረጊያ ከማቡነን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የልጆችን እጅ ከምግብ በፊት ማስታጠብ ቀላል ይመስላሉ፤ ግን ይህን መንገድ በእርግጥ ያጠብባሉ። ከሐዲድ የወጣ አሮጌ እንጨትን ለጓሮ አትክልት መደብ መከለያ ማድረግ ወይም ማገዶ ማድረግ ደግሞ መንገዱን በራስ እጅ መክፈት ነው። ጭሱ መርዝ ነው፤ አመዱም እንዲሁ።

ሦስተኛው መንገድ ሰዎች ብዙም የማይጠብቁት ነው፤ እኔም በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እንደ ትራይክሎሮኢታይሊን ያሉ በቀላሉ የሚተኑ ኬሚካሎች የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ገብተው በቤቶች ሥር ሲያልፉ፣ ትነታቸው በአፈሩ ክፍተት ወደ ላይ ይወጣል። ቤት ውስጥ ያለው ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከታች መሳብን ይፈጥራል፤ ትነቱም በወለሉ ስንጥቅ፣ ቧንቧ በገባበት ቀዳዳ እየተሳበ ሳሎን ይደርሳል። የቧንቧ ውሃ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ከሆነ ባለሥልጣናት «የጉድጓድ ውሃ ስለማትጠጡ ችግር የለም» ይላሉ። ይህ አባባል የመጠጡን መንገድ ዘግቶ የመተንፈሻውን መንገድ ክፍት ይተዋል። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ከወለሉ ሥር ቧንቧ አስገብቶ በአነስተኛ የአየር መሳቢያ ትነቱን ከጣሪያ በላይ ማስወጣት በብዙ ቦታ የተሞከረ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ግን የአፈሩና የቤቱ አየር መለካት አለበት።

አፍንጫ ለዚህ ዓይነቱ ልኬት አይሆንም። የክሪዮሶትን ሽታ ትንሽም ብትሆን እናውቃታለን፤ ስለዚህ ሲሸተን ሁሉ ተመርዘናል ማለት አይደለም። በተቃራኒው ፕላስቲክ ለመሥራት የሚያገለግለውን፣ ቪኒል ክሎራይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ሰው በማሽተት የሚለየው በአየሩ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 3,000 እጅ ያህል ሲደርስ ነው። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ ለሠራተኛ በስምንት ሰዓት አማካይ የሚፈቅደው ከአንድ ሚሊዮን 1 እጅ ብቻ ነው። «ምንም አይሸትም» የሚለው ቃል፣ ከማንም ይምጣ ከማን፣ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

የተከማቸው

ስለ በርሜሎቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ደንቡ ከሞላ ጎደል ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደያዘና መከማቸት የጀመረበት ቀን ሊጻፍበት፣ ክዳኑ ሊዘጋ፣ የፈሰሰውን በሚይዝ ወለል ላይ ሊቀመጥ፣ ሲገናኙ የሚቀጣጠሉ ነገሮችም ሊለያዩ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ በብዛት አደገኛ ቆሻሻ የሚያመነጭ ድርጅት ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 90 ቀን ሊያቆየው ይችላል። አጓጓዥ ደግሞ በመሸጋገሪያ ቦታ ያለ ማከማቻ ፈቃድ የሚያቆየው እስከ 10 ቀን ነው።

ዓይን የሚያስፈልገው ይህ የመጨረሻው ነው። ቆሻሻው «በመተላለፍ ላይ ነው» እስከተባለ ድረስ ቦታው ማከማቻ አይባልም፤ ማከማቻ ካልተባለ ደግሞ የማከማቻ ፈቃድ፣ የጎረቤት ምክክር፣ የአደጋ ዕቅድ ላይጠየቅበት ይችላል። አንድ ኮንቴይነር ከቀኑ በላይ መቆሙን የሚያሳይ ቀን ያለበት ፎቶ፣ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የተነሳ፣ ከረጅም አቤቱታ ይልቅ ተቆጣጣሪን ያንቀሳቅሳል። አጥሩን ተሻግሮ መግባት ግን አይገባም፤ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ የሚንቀሳቀስ ፉርጎ ድምፅ ሳያሰማ ሰው ላይ ይደርሳል።

ቆሞ የሚያልፈው

አደገኛ ጭነት ባለበት ፉርጎ ጎን ላይ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ምልክት ይለጠፋል። በእሱ ላይ ወይም አጠገቡ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ስለሆነ በየአገሩ አይቀያየርም፦ 1203 ቤንዚን ነው፣ 1005 አሞንያ፣ 1017 ክሎሪን፣ 1086 ቪኒል ክሎራይድ፣ 2315 ፈሳሽ ፒሲቢ። «ባዶ ነው» የሚባል ታንከርም ምልክቱ ካልተነሳ ባዶ አይደለም። ውስጡ የቀረ ዝቃጭና ትነት ስላለ ነው ምልክቱ እንዲቆይ የሚደረገው።

ይህን ቁጥር መዝግቦ ለአካባቢው እሳት አደጋ መከላከያ «ለዚህ ጭነት ዕቅዳችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የማንም መብት ነው። መልሱ የሚያሳየው ስለ ጭነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ዝግጅቱም ነው። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኢስት ፓለስታይን በምትባለው ከተማ በየካቲት 3 ቀን 2023 አንድ የጭነት ባቡር 38 ፉርጎዎቹ ከሐዲድ ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ቪኒል ክሎራይድ የያዙ አምስት ታንከሮች ይፈነዳሉ ተብሎ ሆን ተብሎ ተቃጠሉ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2024 ባወጣው ውጤት ማቃጠሉ አስፈላጊ አልነበረም አለ። ወሳኙ መረጃ ውሳኔውን ለሚሰጡት ሰዎች በወቅቱ አልደረሰም ነበር።

ከዚያው ከተማ ሌላም የምንማረው አለ። የተበከለው አፈር ገና ሳይወጣ ሐዲዱ ቶሎ ተመልሶ ተዘረጋ፤ ባቡርም ሄደበት። ነዋሪዎች ጮኹ፣ ባለሥልጣናት አዘዙ፣ ከሳምንታት በኋላ ሐዲዱ እንደገና ተነስቶ አፈሩ ተቆፈረ። መስመሩን መክፈት የሚቸኩል አካልና አፈሩን ማጽዳት ያለበት አካል አንድ ሲሆኑ የቱ እንደሚቀድም እዚያ ታይቷል።

ሪፖርቱ ሲመጣ

ነዋሪው ጮኾ ጮኾ በስተመጨረሻ ወፍራም ሰነድ ይሰጠዋል። ማጠቃለያው «ውጤቱ ከተፈቀደው በታች ነው» ይላል። እዚህ ላይ «የተፈቀደው» ለማን ነው? የኢንዱስትሪ ቦታ ወሰን የሚሰላው በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ጤነኛ አዋቂ ነው። የመኖሪያ ወሰን ደግሞ አፈር ላይ ለሚጫወት ሕፃን። ከአጥሩ ወዲህ ያለ ጓሮ በኢንዱስትሪ ወሰን ከተለካ ሪፖርቱ የተሳሳተ ሰው ላይ ተለክቷል።

ወሰኑ ራሱም ይቀየራል። አሜሪካ ውስጥ በመኖሪያ አፈር ላይ ላለ እርሳስ ለብዙ ዓመታት የሚሠራበት ቁጥር በአንድ ኪሎ አፈር 400 ሚሊግራም ነበር። በጥር 2024 ወደ 200 ወረደ። 300 ሚሊግራም ያለበት ጓሮ በአንድ ሌሊት «ከተፈቀደው በታች» መሆኑ ቀርቶ «ከተፈቀደው በላይ» ሆነ፤ አፈሩ ግን ያው ነበር። የቆየ ሪፖርት ሲቀርብላችሁ በዛሬው ቁጥር እንደገና እንዲነበብ ጠይቁ።

ከዚያ ናሙናው ከየት ጥልቀት እንደተወሰደ ተመልከቱ። ልጅ የሚነካው የላይኛውን ጥቂት ሳንቲሜትር ነው፤ የሚሰርገው ፈሳሽ ደግሞ ሜትሮች ታች ነው። ከላይ ብቻ የወሰደ ክሪዮሶቱን ያልፈዋል፤ ከአንድ ሜትር በታች ብቻ የወሰደ የእርሳሱን አቧራ ያልፈዋል። ከአሥር ቦታ የተወሰደ አፈር ተቀላቅሎ አንዴ ከተለካም ክፉ የተበከለው አንድ ቦታ በንጹሖቹ ዘጠኝ ውስጥ ይሰወራል። «አልተገኘም» የሚል ቃል ካለ መሣሪያው ሊያይ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ ፈልጉ። ከጤና ወሰኑ በላይ ከሆነ «አልተገኘም» ማለት «አላየንም» ማለት ብቻ ነው።

ስለ ሕመም የሚነሳው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በአሜሪካዋ የቴክሳስ ከተማ ሂውስተን ውስጥ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው ሠፈር አጠገብ ያለው የባቡር ድርጅት ግቢ ከ1911 እስከ 1984 እንጨት በክሪዮሶት የሚነከርበት ነበር። ብክለቱ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ሆኖ በቤቶች ሥር ተዘርግቷል። የቴክሳስ ጤና ክፍል በ2019 አንዳንድ የአዋቂዎች ካንሰሮች፣ በ2021 ደግሞ አንድ ዓይነት የልጆች የደም ካንሰር ከሚጠበቀው በላይ በአካባቢው መገኘታቸውን ገለጠ። ከተማው በ2023 ፈቃደኛ ነዋሪዎችን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ዕቅድ አወጣ። እንዲህ ያለ ጥናት ግን የሚያሳየው ሕመሙ መብዛቱን ነው፤ ክሪዮሶቱ እንዳመጣው ብቻውን አያረጋግጥም፤ ድርጅቶችም ሁልጊዜ የሚከራከሩት በዚህ ነጥብ ነው። ለጥቂት መቶ ቤቶች ደግሞ ስታቲስቲክስ ብዙ ጊዜ ምንም አይናገርም፤ ቁጥሩ ስለሚያንስ። በእኔ እምነት ይህ ማለት መንገዱን መዝጋት የሕመሙን ምክንያት እስክናረጋግጥ መጠበቅ የለበትም ማለት ነው። ምንጩና መንገዱ ከታወቁ ለመሥራት ይበቃል።

ማን ነው የሚመልሰው?

መሬቱ የአንድ ድርጅት፣ ሐዲዱ የሌላ፣ መጋዘኑ የተከራይ፣ ብክለቱ ደግሞ ዛሬ የሌለ ኩባንያ ሥራ ሊሆን ይችላል። ነዋሪው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ የሚሰማው ሁሉ «የኛ ጉዳይ አይደለም» ነው። በዚህ ላይ ባቡር ከተማና ክልል የሚያቋርጥ ስለሆነ በብዙ አገር ቁጥጥሩ በማዕከላዊ መንግሥት እጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1995 የወጣው ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮችን በባቡር ሥራ ላይ የነበራቸውን ሥልጣን በእጅጉ አጠበበው። አንዳንዶች ይህን ተጠቅመው የቆሻሻ ማራገፊያ ቦታን «የባቡር ሥራ ነው» ብለው ከከተማው ደንብ ውጭ ለማድረግ ሞከሩ። ያን ቀዳዳ ለመድፈን በ2008 ሌላ ሕግ ማውጣት አስፈለገ፤ በባቡር ግቢ ያለ የደረቅ ቆሻሻ መሸጋገሪያም የክልልን የአካባቢ ሕግ እንዲያከብር ተደረገ። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት ሦስቱን ነገሮች፣ ማለትም አፈሩን፣ ክምችቱንና ጭነቱን፣ ማን እንደሚቆጣጠር ለየብቻ መለየት ወራትን ያድናል። ለእያንዳንዱም የተለየ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የተደባለቀ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ይኖራል።

ጽዳቱ ሲጀመርም ነገሩ አላለቀም። ለዓመታት ተረጋግቶ የተቀመጠ አፈር የሚቦነው ሲቆፈር ነው። ውሃ እየተረጨ መቆፈሩ፣ የተቆፈረው መሸፈኑ፣ መኪኖች ሲወጡ ጎማቸው መታጠቡ፣ በአጥሩ ላይ የአቧራ መለኪያ ተተክሎ ልኬቱ በዕለቱ ለነዋሪ መታየቱ ከሥራው በፊት በጽሑፍ ሊታወቅ ይገባል። መለኪያው ከወሰን ሲያልፍ ሥራውን የሚያስቆመው ሰው ማን እንደሆነም እንዲሁ።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁሉም አይቆፈርም። ከፊሉ በቦታው ይተውና በአስፋልት ወይም በሸክላ አፈር ይሸፈናል፤ «እዚህ መቆፈርና የጉድጓድ ውሃ ማውጣት ክልክል ነው» የሚል ገደብም ይጣልበታል። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ መንገዱን ይዘጋልና። ግን አስፋልት ይሰነጠቃል፣ መሬት ይሸጣል፣ ገደቡን የሚያውቁ ሰዎች ጡረታ ይወጣሉ። ስለዚህ ሽፋኑ በስንት ዓመት እንደሚመረመር፣ ማን እንደሚከፍል፣ ውጤቱ የት እንደሚለጠፍ ከመሬቱ ይዞታ ሰነድ ጋር ተያይዞ እንዲመዘገብ ከአሁኑ ጠይቁ፤ መሬቱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ግዴታው አብሮ እንዲተላለፍ።